ቦንዳው ሲፈታ፦ የአሮጌ ልብስ ደስታ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ማለዳ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከከተማው ላይ አልተነሣም። ነጋዴው የቦንዳውን ማሰሪያ በጉጠት ይቆርጠዋል፤ በማሽን ተጨምቆ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ልብስ ቀስ እያለ ይነፋል፣ ከዚያ ይናዳል። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ዕቃ ቤት ሽታ ከላዩ ይነሣል። የከበበው ሰው ይህን ቅጽበት ቆሞ የጠበቀ ነውና ጨርቄን ማቄን ሳይል ሁሉም ይጎነበሳል። እጅ ከዓይን ይቀድማል፤ ሱፍን ከናይለን፣ ጥጥን ከፖሊስተር መጀመሪያ የሚለየው ጣት ነው።

ባለፈው ክረምት እኔም ከተጎነበሱት አንዷ ነበርኩ። እጄ የያዘው አመድማ ካፖርት ነበር፤ ከባድ፣ ኮሌታው ሰፊ፣ ገበሩ ከደረቱ በታች የተቀደደ። ገልብጬ ከአንገቱ ሥር የተሰፋችውን ማርካ አነበብኩ። «ምዕራብ ጀርመን የተሠራ» ትላለች። ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሐዱት በጥቅምት 1990 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ካፖርቱ ከታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ሻጩ ወጣት ቀዳዳውን ያየሁ መስሎት «እህቴ፣ ገበሩ ትንሽ ተቀዷል፤ ቀንሼ እሰጥሻለሁ» አለኝ። እኔ ግን የማየው በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ነበር። ደረቱን የሚያቆመው ሸራ ከሱፉ ጋር የተያያዘው በሙጫ አይደለም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ፣ በአጫጭር ሰያፍ ስፌት፣ ጥልፍልፍ አድርጎ አያይዞታል። ላይ ላዩን የማይታይ፣ ማንም እንዲያመሰግንበት ያልተሠራ ሥራ። ካፖርቱን የገዛሁት ስለዚያ ስፌት ነው።

አሮጌ ልብስ መግዛት በእኛ አካባቢ የችግር ምልክት ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ችግሩ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ክምሩ የሚሄደው አዲሱን መግዛት ስለማይችል ነው። ነገር ግን ያው ሰው ከክምሩ ፊት ሲቆም ፊቱ የተቸገረ ሰው ፊት አይደለም። ይፈልጋል፣ ይመረምራል፣ ያነጻጽራል፣ ሲያገኝ ደግሞ ያበራል። ይህ ደስታ የሠለጠነ ዓይን ደስታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ይህን ዓይን በብዙ ዓመት ልምድ አሳድገዋል፤ በስሙ ሊጠሩት ግን ሲያፍሩ ኖረዋል።

ማፈሩ መነሻ አለው። «የሞተ ሰው ልብስ ነው» የሚለውን ሳይሰማ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ የለም። እናቴ ሳልባጅ ስትገዛልን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ነበር የምታለብሰን። ጎረቤት ሲጠይቃት «ከአዲስ አበባ ተልኮልን ነው» ትል ነበር። እኔም ይህንኑ መልስ ተምሬ ትምህርት ቤት ስጠየቅ እደግመው ነበር። ሳልባጅ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው ከመርከብ መስጠም ወይም ከእሳት ተርፎ የተገኘ ንብረት ማለት ነው። የተረፈ፣ የዳነ ማለት ነው እንግዲህ። ቃሉ እኛ ከጫንበት ንቀት የተሻለ ነገር ይዞ ነበር የመጣው።

ለውጭ ልብስ ያለን ስሜት ድሮም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ተማሪዎችን አስቆጥቶ እስከ ግጭት አድርሷል። ልብስ ገላን ከመሸፈን ያለፈ ነገር መሆኑን ያ ትውልድ በሚገባ ያውቅ ነበር።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ለውጡን ያፋጠነው አንደኛው ነገር ገንዘብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ከቻይናና ከቱርክ የሚመጣው አዲስ ልብስም አብሮ ወጣ። ሁለተኛው ስልክ ነው። የደሴ ወጣቶች ከቦንዳ የመረጡትን ጃኬት አጥበው፣ ተኩሰው፣ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይሸጡታል። ስሙም ተቀይሯል፤ መሬት ላይ ተነጥፎ ሳልባጅ የነበረው መስቀያ ላይ ሲወጣ ቪንቴጅ ሆኗል፤ ዋጋውም በእጥፍ ጨምሯል።

ይህን ማጭበርበር የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከመቶ ልብስ መካከል ሦስት መርጦ ማውጣት፣ የወለቀ ቁልፍ መተካት፣ የወየበ ኮሌታ ማንጻት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ያለ ቦታው መጠቀም። ቪንቴጅ የሚባለው በተለምዶ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በራሱ ዘመን የተሠራ ዕቃ ነው። መቶ ዓመት ከሞላው አንቲክ ይባላል። ሬትሮ ደግሞ ዛሬ ተሠርቶ የዱሮውን መልክ የያዘ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋብሪካ የወጣ ሰፊ ሱሪ የ1970ዎቹን እ.ኤ.አ. ቅርጽ ስለያዘ ቪንቴጅ አይሆንም። ሬትሮ መግዛት ነውር የለበትም፤ ግን ገዢው የሚገዛውን ማወቅ አለበት።

ታዲያ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና።

ማርካው ላይ ያለው የአገር ስም የመጀመሪያው ምስክር ነው። ዛሬ በካርታ ላይ የሌሉ አገሮች በአንገት ሥር ይኖራሉ። ሶቪየት ኅብረት የፈረሰችው በ1991 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ቼኮዝሎቫኪያ ለሁለት የተከፈለችው በጥር 1993 ነው፤ ዩጎዝላቪያም በዚያው ዘመን ተበታትናለች። እነዚህን ስሞች የያዘ ሸሚዝ ወይም ጫማ ካገኛችሁ ዕድሜውን ራሱ ነግሯችኋል። የእጥበት መመሪያም ይረዳል፤ በአሜሪካ ልብስ ላይ በቋሚነት እንዲሰፋ ሕግ ያስገደደው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በሊቫይስ ጂንስ የኋላ ኪስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ጨርቅ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የስሙ ሁለተኛ ፊደል እስከ 1971 በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በትንሹ ነው። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ውጭ አገር ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ከሌላው ጋር ተቀላቅላ በአንድ ዋጋ ትሸጣለች።

ማርካው ከተቆረጠ ዚፑን እዩ። የናይለን ዚፕ በሰፊው የተለመደው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለሆነ በቀሚስ ጎን ላይ የብረት ጥርስ ያለው ዚፕ ካገኛችሁ ቆም በሉ። ዚፕ ግን ይለወጣል፤ ብቻውን አትመኑት። ቀጥሎ ልብሱን ገልብጡት። ጥሩ ልብስ ከውስጥም ያምራል። በስፌቱ ዳርቻ የተረፈው ጨርቅ ብዙ ከሆነ ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ልብሱን ማስፋት ወይም ማጥበብ እንደሚያስፈልግ አስቦ ነበር ማለት ነው፤ ገላ ይለወጣል፣ ልብስም ለታናሽ ይተላለፋል። በዛሬው ርካሽ ልብስ ውስጥ ይህ ትርፍ ጨርቅ የለም፤ ጠርዙ እስከ ስፌቱ ድረስ ተቆርጧል። ቀጥሎ ጉርድ ቀሚሱ ወይም ሸሚዙ ባለ መስመር ከሆነ መስመሮቹ በመጋጠሚያው ላይ ተገናኝተው እንደሆነ ተመልከቱ። ለማገናኘት ጨርቅ ይባክናል፤ ያባከነው ፋብሪካ ለሥራው ክብር ነበረው። በመጨረሻ የቁልፍ ቀዳዳውን ክር በጥፍራችሁ ዳሱት። ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ከሆነ የተቀረውም እንደዚያው ነው፤ ቀዳዳ ላይ ያልሰነፈ ሰፊ ሌላው ቦታ ላይ አይሰንፍም። ይህን የነገሩኝ ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪናቸውን በፔዳል እየነዱ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

እኚህ ሽማግሌ ሌላም ነገር አስተካክለውልኛል። «የዱሮ ልብስ ሁሉ ጥሩ ነበር» ስላቸው ሳቁና «ልጄ፣ መጥፎውማ አልቋል፤ አንቺ ዘንድ የደረሰው የቻለው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.ም ክሩ የሚፈታ ሸሚዝ፣ ሲታጠብ የሚሸበሸብ ኮት ተሠርቷል፤ ዛሬ የማናየው ቆሻሻ ሆኖ ስለተጣለ ነው። ዘመን እንደ ወንፊት ነው። ቢሆንም ወንፊቱ ብቻ አይደለም የሚያስረዳው። በ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሀብታም አገሮች በጨርቃ ጨርቅ ገቢ ላይ ጥለውት የነበረው የኮታ ገደብ በዓለም ደረጃ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ማን በርካሽ ይሰፋል የሚል ብቻ ሆነ። ወቅቱ ከማለቁ በፊት መደርደሪያው ሦስትና አራት ጊዜ ይለወጣል፤ ልብሱም እስከዚያው እንዲቆይ ብቻ ይሰፋል። የዚህን ውድድር ዋጋ የሚከፍለው ሰፊው ነው። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ የልብስ ሠራተኞች ሞተዋል። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሪፖርት ደግሞ የእኛ አገር የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አሳይቷል። በዚህ ክፍያና በዚህ ጥድፊያ የምትሰፋ ልጅ የካፖርት ሸራ በእጇ እንድታያይዝ ማን ጊዜ ይሰጣታል?

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ጉዳይ የተመቹ ከተሞች የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታቸው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ ካፖርትና ሹራብ ትፈልጋለች፤ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ካፖርቱን በእጁ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ቦንዳ ሁለት ገዢ አለው። ደሴ ያልወደደችውን ስስ የጥጥ ሸሚዝና የበፍታ ሱሪ ኮምቦልቻ ትወስደዋለች። እኔ የበጋ ሸሚዝ ስፈልግ ታክሲ ተሳፍሬ የምወርደው ለዚህ ነው፤ ሐረጎ ላይ ያለው እይታም የትራንስፖርቱን ዋጋ ያካክሳል።

መንገዱም የራሱ ታሪክ አለው። ኮምቦልቻ ጣሊያኖች ከአሰብ ወደ መሀል አገር በዘረጉት መንገድ ላይ ያደገች ከተማ ናት። የአሰብ ዕቃ በኤንትሬ መኪና ተጭኖ አፋርን አቋርጦ የሚወጣው በእሷ በኩል ነበር፤ ከሹፌሮቹ ጋር የጣሊያን ሱፍ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የቆዳ ጃኬት አብሮ ወጥቷል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ አሰብ ሲዘጋ ንግዱ ወደ ጂቡቲ ዞረ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በእርዳታ ስም የተሰጠው ልብስ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በመሰል የመለያ ማዕከሎች በኩል ተመድቦ፣ ተጨምቆ፣ በቦንዳ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ልንሸሸው የማይገባ ነገር አለ። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት በኢትዮጵያ ክልክል ነው። ጉምሩክ ያዝኩ ብሎ በሚያወጣቸው የኮንትሮባንድ ዝርዝሮች ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ክልከላው የቆመው የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለመጠበቅ ነው፤ ይህ ክርክር ደግሞ ለኮምቦልቻ ከወሬ በላይ ነው። በደርግ ዘመን የተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንሶላና ፎጣ ሲያመርት፣ ብዙ ቤተሰብ ሲያስተዳድር ኖሯል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ልብስ ለውጭ ገበያ መስፋት ተጀመረ። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሷ ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። በክልከላው መንገድ ሌሎችም ሄደዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 እ.ኤ.አ. ልባሽ ጨርቅ ማስገባትን ደረጃ በደረጃ ሊያቆሙ ተስማምተው አሜሪካ ስትቃወም አብዛኞቹ ወደ ኋላ ብለዋል፤ የጸናችው ሩዋንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ልብሷን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ መብቷ ታግዶባታል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ክልከላው ሳልባጁን አላጠፋውም፤ ዋጋውን ግን ከፍ አድርጎታል፤ ትርፉን ለአሳላፊው ሰጥቶ አደጋውን መሬት ላይ አንጥፋ ለምትሸጠው ሴት ትቷል። የአገር ውስጥ ፋብሪካ መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፋብሪካው ግን የሚድነው ሰው ሌላ ምርጫ ስላጣ ሳይሆን ምርቱ ተገልብጦ ሲታይ የማያሳፍር ሲሆን ነው። በጣቱ ሱፍ ከናይለን የሚለይ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመረምር ገዢ በዚህች ከተማ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ገዢ በቀላሉ አይገኝም፤ የአገር ውስጥ አምራች ቢያዳምጠው ብዙ ይማርበት ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ከውጭ ስለሚመጣው ነው። የሚያሳስበኝ ግን ከውስጥ የሚወጣው ነው።

«ልዋጭ!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ ሰፈር የለም። የላስቲክ ሳፋና ጆግ የተሸከመ ሰው በር ላይ ይቆማል፤ የቤት እመቤቷ ያረጀ ልብስ ታወጣለች፤ አንድ ኮት በአንድ ሳፋ ይለወጣል። ሳፋው በሁለት ክረምት ይሰነጠቃል። ኮቱ ግን የአባት ሠርግ ኮት ሊሆን ይችላል፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በልክ የተሰፋ፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው፣ ሱሪው ከጉልበት በታች የሚሰፋ ቤል ቦተም። በዚህ መንገድ የወጣውን ማን ቆጠረው? ከቤት ዕቃውም እንዲሁ። የእንጨት ሣጥን ያለው የፊሊፕስ ሬዲዮ፣ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙስና ቅብ ሳህን፣ መለያ ቁጥሩ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር የሲንጀር ስፌት መኪና፣ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና። ማርቼሎ ኒዞሊ በ1950 እ.ኤ.አ. የነደፈው ሌቴራ 22 የተባለው የኦሊቬቲ መኪና ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። እኛ እንዲህ ያለውን በኪሎ ለብረት እንሸጣለን።

የእጅ ሥራዎቻችን ደግሞ ምትክ የላቸውም። የዱሮ የወሎ ቀሚስ ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው፤ ፈትሉን እናት ወይም አያት በእንዝርት ፈትላዋለች፤ ገበያ ላይ ካለው የማሽን ጥልፍ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በርኖስና ባና ደግሞ ከደጋው በግ ጠጉር ተሠርተው ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ብዙ ቤቶችም ሣጥናቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ከሙዚየም ውጭ፣ በየአልጋው ሥርና በየቁም ሳጥኑ የቀረው ልብስ ዛሬ ከትናንቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ወጣት ነጋዴዎቹ ከቦንዳ ጃኬት ጎን አንድ የታደሰ በርኖስ፣ አንድ በእጅ የተጠለፈ ቀሚስ ቢሰቅሉ፣ የማን እንደነበር፣ የት እንደተሰፋ በአጭሩ ቢጽፉበት፣ ገዢ የሚያጡ አይመስለኝም። ሁለት ልጆች ይህን ሲጀምሩ አይቻለሁ፤ እስካሁን የሰቀሉት ጥቂት ነው፤ የተሰቀለው ግን አልቆየም።

ካፖርቴን ገበሩን ላስለውጥ ወደ ፒያሳው ሽማግሌ በወሰድኩበት ሳምንት አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። የአጎቴን ኮት አሳየችኝ፤ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም። ማርካ የለውም። ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ገለበጥኩት፤ በጎኖቹ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ክር እንደ ቆመ ነው። «ሰፊው ማን ነበር?» አልኳት። «ሸዋበር የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ አጎትሽ ሦስቴ ተመላልሶ ነው የለካው» አለችኝ። በዚያው ሰዓት ከበሩ ውጭ «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ አለፈ። አክስቴ ቀና ብላ ሰማችና ኮቱን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ትከሻውን በመዳፏ አራገፈችና «ትርፉን ፈትቶ ለልጁ ልክ ያደርግልናል እንዴ፣ ያ ሽማግሌ?» አለች።